በዊንድሰር ግንብ ሥር፦ የልዑል ዓለማየሁ መቃብርና የእኛ ያልተጻፉ ስሞች

ከጎንደርና ከአካባቢዋ ወደ እስራኤል ለገባን ቤተሰቦች «ግንብ» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። ግንብ ሲባል በቅድሚያ በዓይናችን ላይ የሚመጣው የፋሲል ግንብ ነው። ከወለቃ፣ ከአምቦበር፣ ከደንቢያና ከሌሎች መንደሮች ተነሥተው ለገበያ ወይም ለዳኝነት ጎንደር የወጡ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያንን ግንብ ከሩቅ እያዩ አልፈዋል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ወደ ውስጥ ገብተን አላየነውም፤ ታሪኩንም የሰማነው ከሽማግሌዎች አፍ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ሦስት ግንቦች እንናገራለን። አንደኛው ጎንደር ያለው ነው። ሁለተኛው እዚሁ በከተማችን በአሽዶድ ባሕር ዳር የቆመው ፍርስራሽ ነው። ሦስተኛው በእንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተምዕራብ ያለው የዊንድሰር ግንብ ነው። ሦስቱን የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፦ ከአገሩ ርቆ የሞተን ሰው ስሙን ማን ይጠብቅለታል? አስከሬኑንስ ማን ይጠይቅለታል? የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲረዱልን በቅድሚያ እናሳስባለን።

የግንበኞቹ ልጆች

ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ነገሡ። በ1636 ገደማ ጎንደርን መናገሻ ከተማ ካደረጉ በኋላ እርሳቸውም ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ነገሥታትም በአንድ ቅጥር ውስጥ ግንብ በግንብ ላይ አሠሩ። ቅጥሩ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ሲሆን በ1979 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ታሪክ ጸሐፊዎችም ሆኑ የእኛ ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት በዚያ ዘመን ከቤተ እስራኤል ወገን የሆኑ ግንበኞች፣ አናጢዎችና ብረት ቀጥቃጮች በጎንደር ሥራ ላይ ተሰልፈው ነበር። ርስት ከተነጠቁ በኋላ የእጅ ሥራ ለወገናችን መተዳደሪያ ሆኖ ነበርና ነገሥታቱ ግንብ ሲያሠሩ የእጅ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። ከእነዚያ ባለሙያዎች መካከል ማዕረግና መሬት ያገኙ እንደነበሩም ይነገራል። ነገር ግን ዛሬ ጎብኚ ወደ ፋሲል ግንብ ሲገባ የሚሰማው የነገሥታቱን ስም ብቻ ነው፦ ፋሲለደስ፣ ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ። ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቦካው፣ ሳንቃውን ያስተካከለው ሰው ስሙ በየትም ቦታ አልተጻፈም። ይህንን ነገር በልባችን ይዘን እንሂድ፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በአሽዶድ ባሕር ዳር

አሽዶድ በ1956 የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እርግጥ ነው፣ የምንኖርባቸው ሰፈሮች አዲስ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የአሽዶድ ስም በኦሪትም በነቢያትም መጻሕፍት ውስጥ የሚገኝ ጥንታዊ ስም ነው። ከከተማው በስተደቡብ፣ ከአሸዋው ዳር፣ አሽዶድ ያም በተባለው ቦታ የአንድ አሮጌ ምሽግ ግድግዳና የማዕዘን ማማዎች ቆመው ይታያሉ። ወጣቶቻችን በበጋ ለመዋኘት ሲሄዱ በአጠገቡ ያልፋሉ፤ ብዙዎቹ ግን ምን እንደሆነ አይጠይቁም።

ይህ ምሽግ የተሠራው በሰባተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ በኡማያውያን ኸሊፋዎች ዘመን ነው። በመስቀል ጦረኞችም ዘመን እንደገና አገልግሏል። ዋና ሥራው ከባሕር የሚመጣውን የቢዛንታይን መርከብ መጠበቅ ነበር። ነገር ግን ሌላም ሥራ ነበረው። በአሥረኛው መቶ ዘመን የኖረው የኢየሩሳሌም ተወላጅ የምድር ጥናት ጸሐፊ አል ሙቀደሲ እንደጻፈው በዚህ ባሕር ዳር ከጋዛ እስከ አርሱፍ ድረስ የምርኮኞች መለዋወጫ ጣቢያዎች ነበሩ፤ የአሽዶድ ወደብም ከእነርሱ አንዱ ነው። የቢዛንታይን መርከቦች የማረኳቸውን ሰዎች ይዘው ሲታዩ መለከት ይነፋል፤ ሌሊት ከሆነ በማማው ላይ እሳት፣ ቀን ከሆነ ጭስ ይታያል። በየማማው እየተቀባበለ ምልክቱ እስከ መሐል አገር ይደርሳል፤ ሕዝቡም ያለውን ገንዘብ ይዞ ወገኑን ሊዋጅ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ዋጋው ሦስት ሰው በ100 ዲናር እንደነበረ ጸሐፊው መዝግቧል።

ምርኮኛን መዋጀት፣ በዕብራይስጥ «ፒድዮን ሽቩዪም» የሚባለው፣ በእስራኤል ሕግ ከታላላቆቹ የጽድቅ ሥራዎች አንዱ ነው። እኛም ብንሆን በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከዚያም በፊትና በኋላ በተደረጉት ጉዞዎች ወገን ወገኑን ፈልጎ ያገኘን ሰዎች ነን። ስለዚህ ያ ፍርስራሽ የሌላ ሕዝብ ምሽግ ቢሆንም ታሪኩ ለጆሮአችን ቅርብ ነው። አሁን ወደምንናገረው ጉዞ ስንነሣ ይህንን እያሰብን ነበር፤ የምንሄደው ሳይዋጅ የቀረውን አንድ ልጅ ለማየት ነበርና።

በብርድ ቀን ወደ ዊንድሰር

በጥር ወር ከአሽዶድ አምስት ሆነን ለዘመድ ጉዳይ ወደ ለንደን ሄደን ነበር። ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ጎልማሶችና እስራኤል ውስጥ የተወለዱ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አንድ ሐሙስ ቀን ነፃ ሆነን ስለተገኘን በባቡር ዊንድሰር ደርሰን ለመመለስ ተስማማን። ምሳችንን ከቤት ይዘን ነበር፦ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ ቆሎና በቴርሞስ ሻይ። ኮሸር ፍለጋ እንዳንንከራተት ብለን ነው።

ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ የሚነሣው ባቡር በአንድ ሰዓት ያህል ውስጥ ከቴምዝ ወንዝ ዳር ያደርሳል። ከባቡሩ እንደወረዱ ግንቡ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያል። በበጋ ጊዜ መንገዱ በጎብኚ ተጨናንቆ ሰልፉ ረጅም እንደሚሆን ሰምተን ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ሰማዩ ጠቁሮ፣ ካፊያ እየጣለ፣ የቱሪስት ዕቃ የሚሸጡት ሱቆች ባዶአቸውን ነበሩ። ሻጮቹ ከብርጭቆው በስተጀርባ እጃቸውን እያሻሹ መንገደኛውን ይመለከታሉ። ጀልባዎቹ ታስረዋል፤ ስዋን የሚባሉት ነጫጭ የውሃ ወፎች ብቻ በወንዙ ላይ ይንሳፈፋሉ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን በካፖርታቸው ላይ ደርበው፣ «የደባት ብርድ እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ» ብለው አሳቁን።

ዊንድሰር እንደ ጎንደር ከግንቡ የተነሣ የቆመ ከተማ ነው። ግንቡን የመሠረተው ከኖርማንዲ መጥቶ እንግሊዝን የያዘው ንጉሥ ዊሊያም ሲሆን ጊዜውም 1070 ገደማ ነበር። መጀመሪያ በአፈርና በእንጨት ተሠርቶ ኋላ በድንጋይ ተተካ። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ መሆኗ ሲቀር፣ ዊንድሰር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ንጉሥ የሚቀመጥበት ነው። በኅዳር 1992 ታላቅ ቃጠሎ ደርሶበት ብዙ አዳራሾች ወድመው ነበር፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ግንበኞችና አናጢዎች መልሰው ሠሩት። እነዚህ ነገሥታት ለወገናችን ሁልጊዜ መልካም እንዳልነበሩም መዘንጋት የለበትም፤ በ1290 ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ አይሁድን ሁሉ ከእንግሊዝ እንዲወጡ አዝዞ እስከ 1656 ድረስ በግልጽ ተመልሰው ሊኖሩባት አልተፈቀደላቸውም ነበር።

ወደ ግንቡ በሚያወጣው ዳገት ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ ሐውልት ቆሟል። በ1887 የነገሠችበት 50ኛ ዓመት ሲከበር የተተከለ ነው። ከወጣቶቹ አንዱ ቀና ብሎ አይቶ፣ «አባ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላት ንግሥት ይህች ናት?» ሲል ጠየቀ። ሽማግሌውም «አዎን ልጄ፣ እርሷ ናት። መልስ ያልሰጠችውም እርሷ ናት» አሉት።

ልጁ እንዴት እዚያ ደረሰ

ታሪኩን ለማያውቁ አንባብያን ባጭሩ እንተርከው። ካሳ ኃይሉ የቋራ ሰው ነበሩ፤ ቋራም ብዙ ቤተ እስራኤል ይኖሩበት የነበረ አገር ነው። በ1855 ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በእርሳቸው ዘመን ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያን በደንቢያና በአካባቢው ባሉት የቤተ እስራኤል መንደሮች መስበክ ጀመሩ። ከእነርሱ አንዱ ሔንሪ አሮን ስተርን ይባላል። ይህ ሰው በጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ወደ ክርስትና የገባ ሲሆን፣ አይሁድን ለማስለወጥ በለንደን የተቋቋመው ማኅበር መልእክተኛ ሆኖ በ1860 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1862 የቤተ እስራኤል መነኮሳትና ካህናት በንጉሡ ፊት ቀርበው ከሚስዮናውያኑ ጋር ስለ ሃይማኖታቸው ተከራከሩ። በዚያው ዓመት አባ ማኅሪ የተባሉት መነኩሴ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ለመግባት ተነሡ። ትግራይ ከደረሱ በኋላ ብዙዎቹ በረሃብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፉት ወደየመንደራቸው ተመለሱ። ይህንን የማያስታውስ የቤተ እስራኤል ሽማግሌ የለም።

በዚያው በ1862 ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው ቆየ። ስተርንም በጻፈው መጽሐፍ የንጉሡን ትውልድ የሚያዋርድ ነገር ስላገኙበት ተቆጥተው በ1863 አሰሩት። ቀጥሎም የእንግሊዙን ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ። እስረኞቹን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ከ13,000 የሚበልጥ ጦር፣ 44 ዝሆኖችንም ይዞ፣ ከሕንድ ተነሥቶ በዙላ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። እንግዲህ ልብ እንበል፦ ያንን ጦር ካመጡት ነገሮች አንዱ በእኛ መንደሮች ደጃፍ የተጀመረው የሚስዮን ሥራ ነበር። ይህ ታሪክ የእኛ አይደለም ብሎ ማለፍ የማይቻለውም ስለዚህ ነው።

ሚያዝያ 13 ቀን 1868 የመቅደላ አምባ ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። ከአምባው የተዘረፈው መጽሐፍ፣ ዘውድ፣ ታቦትና ንዋየ ቅድሳት በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ተሸጠ፤ ለማጓጓዝም 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈለጉ። ንግሥቲቱ ጥሩወርቅ ውቤና የ7 ዓመቱ ልጃቸው ዓለማየሁም ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ተጓዙ። እናቲቱ ግን ታመው ግንቦት 15 ቀን በትግራይ መንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ ካፒቴን ስፒዲ ለተባለ አማርኛ ለሚያውቅ እንግሊዛዊ ተሰጠ። አብረውት የተነሡት ኢትዮጵያውያንም ከመንገድ እንዲመለሱ ተደርጎ፣ ዓለማየሁ ብቻውን በመርከብ እንግሊዝ አገር ገባ።

ንግሥት ቪክቶሪያ በኦዝቦርን ቤተ መንግሥቷ ተቀብላ አየችው፤ ወደደችውም። መጀመሪያ ከስፒዲ ጋር በዋይት ደሴት፣ ቀጥሎም በሕንድ ኖረ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ከስፒዲ ለይቶ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባው፦ መጀመሪያ ቼልተንሃም፣ ቀጥሎ ረግቢ፣ በመጨረሻም የሳንድኸርስት ጦር ትምህርት ቤት። ሲያድግ የእናቱን ቋንቋ አማርኛን እንደረሳ ይነገራል። ትምህርቱ ስላልሆነለት ወደ ሊድስ ከተማ ከቀድሞ መምህሩ ዘንድ ሄዶ ሳለ በሳንባ ሽፋን ሕመም ተይዞ ኅዳር 14 ቀን 1879 ሞተ። ዕድሜው 18 ዓመት ነበር። በንግሥቲቱ ትእዛዝ አስከሬኑ ወደ ዊንድሰር መጥቶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 21 ቀን ተቀበረ።

ውስጥ የተጻፈው፣ ውጭ የተቀበረው

በግንቡ ቅጥር ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በ1475 ተጀምሮ በ1528 የተፈጸመ ታላቅ ሥራ ነው። ሄንሪ 8ኛና አንገቱን የተቆረጠው ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ያረፉት በዚህ ነው፤ በ2022 ያረፉት ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥም እዚያው ተቀብረዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 የጋርተር ኒሻን ሲሸለሙ የማኅበሩ ቤተ ክርስቲያን ይኸው ነበር።

ከደጃፉ ስንደርስ ሽማግሌው ቆሙ። አብራን የነበረችው ወጣት፣ «አባ፣ አይገቡም እንዴ? ብርዱ ይጎዳዎታል» አለቻቸው። እርሳቸውም፣ «አይ ልጄ፣ የሰው ጸሎት ቤት ነው፤ አከብረዋለሁ፣ ግን አልገባም። አባቶቼም አልገቡም። እናንተ እንደ ልባችሁ ሁኑ፤ ያያችሁትን ትነግሩኛላችሁ» ብለው ከግድግዳው ጥግ ከካፊያው ተጠለሉ። ከእኛም አንዱ እርሳቸውን ብቻቸውን ላለመተው ውጭ ቀረ፤ ሦስታችን ገባን። ይህ ነገር በየቤታችን ያለ ነውና አንዱ ሌላውን አልወቀሰም።

ውስጥ ጥቂት ጎብኚዎች ብቻ ስለነበሩ አስተናጋጇ ጊዜ ወስዳ አሳየችን። በግድግዳው ላይ የነሐስ ሰሌዳ አለ። የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በዚያ አጠገብ እንደተቀበረ፣ የተወለደበትንና የሞተበትን ቀን፣ መታሰቢያውንም ያኖረችለት ንግሥት ቪክቶሪያ መሆኗን ይናገራል። ከታችም እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር የወንጌል ቃል ተቀርጾበታል። ወጣቷ ጽሑፉን በእጇ ወደ ማስታወሻ ደብተሯ ገለበጠች። አስከሬኑ የት እንደሆነ ስንጠይቅ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሳይሆን ከግድግዳው ውጭ፣ በምድር ውስጥ በተሠራ የመቃብር ክፍል ከሌሎች ሰዎች ጋር እንደሚያርፍ ተነገረን።

ወጥተን ይህንን ስንነግራቸው ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያስ ከእናንተ ይልቅ እኔ ቀርቤዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እናቱስ የት ቀረች?» ብለው ጠየቁ። በትግራይ፣ በጨለቆት፣ ብለን መለስንላቸው። «አባቱ በመቅደላ፣ እናቱ በትግራይ፣ ልጁ በእንግሊዝ» አሉ ሽማግሌው፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። «እኔም እንደዚሁ ነኝ። አባቴ በወልቃይት፣ ወንድሜ በሱዳን በኡም ረኩባ፣ እኔ ደግሞ በአሽዶድ። ልዩነቱ የዚህ ልጅ ስሙ ግድግዳ ላይ አለ፤ የወንድሜ የለም።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገርንም። ከግንቡ ወርደን ከወንዙ ዳር ባለ መጠለያ ሥር ሆነን ዳቦአችንን በላን፤ ሽማግሌውም እንደ ልማዳቸው ባርከው ለእያንዳንዳችን ቆርሰው ሰጡን።

የተጠየቀውና የተሰጠው መልስ

የዓለማየሁ አስከሬን ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄ የቆየ ነው። በ2007 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ደብዳቤ ጽፈው ጠይቀው ነበር። በ2023 የቤተሰቡ ዘሮች ጥያቄውን እንደገና ሲያነሡ የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፣ በአጠገቡ የተቀበሩትን የብዙ ሰዎች ዕረፍት ሳይነኩ የእርሱን አስከሬን ለይቶ ማውጣት የሚቻል አይመስልም የሚል ነበር። ቤተ መንግሥቱ የኢትዮጵያ ልዑካን መቃብሩን እንዲጎበኙ መፍቀዱንም ገልጿል።

ይህንን መልስ የሚቀበሉም የሚቃወሙም አሉ። የሚቃወሙት ወገኖች፣ ልጁ በፈቃዱ ያልሄደ ነውና በፈቃዱ እንደሚኖር እንግዳ ሊቆጠር አይገባም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የሌላውን ሙታን አጥንት መንካት ሌላ በደል ነው ይላሉ። እኛ ኦሪትን የምናነብ ሰዎች ስለሆንን በዚህ ነገር ሁለቱም ሐሳቦች ይከብዱናል። መቃብርን ማክበር ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ነው፤ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ የሚቆየው፣ መቃብርም ከመንደር የሚርቀው በሥርዓታችን ነበር። ነገር ግን ዮሴፍ በግብፅ ሲሞት አጥንቱን ይዘው እንዲወጡ ወንድሞቹን ማስማሉን፣ ሙሴም ከግብፅ ሲወጣ ያንን አጥንት ይዞ መውጣቱን የምናነበው በዚያው በኦሪት ነው። የዮሴፍ አጥንት ብዙ ትውልድ ቆይቶ ወጣ። ስለዚህ ጊዜው ረዝሟል የሚለው ምክንያት ብቻውን ጥያቄውን ሊዘጋው አይችልም የሚል ሐሳብ አለን።

ጥቂት ነገሮች ግን ተመልሰዋል። በ1872 ለዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ ተመልሶ ተሰጠ። በ2019 በለንደን የነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ፀጉር ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በ2023 ደግሞ የካፒቴን ስፒዲ ቤተሰብ ዘሮች የዓለማየሁን የፀጉር ዘለላ ለኢትዮጵያውያን አስረከቡ። ፀጉሩ ወደ አገሩ ገባ፤ አጥንቱ ግን በዊንድሰር ቀረ።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

አንዳንድ አንባቢ፣ የክርስቲያን ንጉሥ ልጅ ታሪክ የቤተ እስራኤልን ልጆች ምን ይመለከታቸዋል? ሊል ይችላል። እኛ በሦስት ነገር ይመለከተናል እንላለን።

አንደኛው የቋንቋ ነገር ነው። ዓለማየሁን እንግሊዞች አልመቱትም፣ አላስራቡትም፤ ንግሥቲቱም ትወደው ነበር። ነገር ግን በዙሪያው በእናቱ ቋንቋ የሚያነጋግረው አንድም ሰው አልተዉለትም። የእኛም ልጆች ብዙዎቹ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት እንደገቡ ወደ ፕኒሚያ ሄዱ፤ አዲስ ስም ተሰጣቸው፤ ዕብራይስጥ ቶሎ ለመዱ። እኛ ምርኮኞች አይደለንም፤ ወደ አባቶቻችን ተስፋ አገር በፈቃዳችን የገባን ነን፤ ዕብራይስጥም የራሳችን ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ አያቱን ያለ አስተርጓሚ ማነጋገር የማይችል ልጅ በየቤታችን አለ። ይህ ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ በሚወጣ መጽሔት መታተሙም ስለዚሁ ነው።

ከዚህ ጋር ሌላ ምሳሌ መጥቀስ ይገባል። በ1905 ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ታምራት አማኑኤልን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ወሰዳቸው። በኋላም ሌሎች የቤተ እስራኤል ወጣቶች ወደ አውሮፓና ወደ ኢየሩሳሌም ተላኩ። ከእነርሱም መካከል በባዕድ አገር በሕመም የሞቱ አሉ። ታምራት ግን አማርኛቸውን ሳይረሱ ተመልሰው በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤልን ትምህርት ቤት መሩ። ስለዚህ ልጅን ወደ ሩቅ መላክ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ መንገዱን ወደ ቤቱ ክፍት አድርጎ መላክና በሩን ዘግቶ መላክ ግን የተለያዩ ናቸው።

ሁለተኛው የግንበኞቹ ነገር ነው። የዊንድሰርን ግንብ ከቃጠሎው በኋላ ማን እንደሠራው መዝገብ አለ። የጎንደርን ማን እንደገነባው ግን በአፍ ብቻ የሚነገር ነው፤ አፍ ደግሞ ያልፋል። ከግንበኛና ከብረት ቀጥቃጭ ወገን የተወለዱ ሽማግሌዎች በአሽዶድ፣ በኪርያት ጋት፣ በረሆቦትና በሌላም ቦታ አሁንም በሕይወት አሉ። የትውልድ ሐረጋቸውን እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚቆጥሩ ናቸው። ተመራማሪዎች እነርሱን ቶሎ እንዲጠይቁ እንለምናለን።

ሦስተኛውና ዋነኛው የሙታኖቻችን ነገር ነው። ወደ ኢየሩሳሌም ለመግባት በሱዳን በኩል ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ የሞቱት ወገኖቻችን ወደ 4,000 ይጠጋሉ ተብሎ ይነገራል። በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ተሠርቶላቸው በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በመንግሥት ደረጃ ይታሰባሉ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን አስከሬናቸው ያለ ምልክት በበረሃ ቀርቷል፤ የብዙዎቹም ስም፣ በተለይ የሕፃናቱ፣ በቤተሰብ ልብ ውስጥ ብቻ ነው። ያንን ልብ የያዙት እናቶች እያረጁ ነው። ሲያልፉ ስሙም አብሮ ያልፋል።

በአሽዶድ ያም ምሽግ ላይ ለምርኮኞች እሳት የሚያነዱት ሰዎች አንድ ነገር ያውቁ ነበር፦ ምልክቱን ያየ ሁሉ በሰዓቱ ካልወረደ መርከቡ ተመልሶ ይሄዳል። የእኛም ነገር እንደዚሁ ነው። አጥንታቸውን ከሱዳን ማምጣት በእጃችን ላይሆን ይችላል፤ ስማቸውን መጻፍ ግን በእጃችን ነው። አባቶች «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። አንድ የባዕድ ንግሥት ለአንድ የሰው አገር ልጅ ስሙን በነሐስ ካስጻፈች፣ እኛ ለራሳችን ልጆች በወረቀት መጻፍ አያቅተንም።

ስለሆነም ውድ አንባብያን፣ በየቤታችሁ እንዲህ እንድታደርጉ እንጠይቃለን። እናትን፣ አባትን፣ አያትን በሰንበት ማታ ወይም በሰግድ ሰሞን ቡና ሲፈላ ጠይቁ። በመንገድ የሞተውን ሰው ሙሉ ስም እስከ አያቱ፣ የተነሣበትን መንደር፣ ያረፈበትን ቦታና ወሩን በአማርኛም በዕብራይስጥም ጻፉ። ሕፃን ከሆነና ስም ሳይወጣለት ከሞተም የእናቱን ስም ጻፉ። አንዱን ቅጂ በቤታችሁ አስቀምጡ፤ አንዱንም ለማኅበራችን ስጡ። ከዊንድሰር በተመለስን ሳምንት ደብተሩን ከፍተናል። በመጀመሪያው መሥመር ላይ የሽማግሌው ወንድም ስም አለ። ከእርሱ በታች ያለው መሥመር የእናንተ ነው።